ወፏን የት እናስቀምጣት? ስለ አርሲ ደጋ ወፎችና ስለ ፎቶግራፍ ቅንብር



ፎቶግራፍ አራት ጠርዝ አለው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ አራት ጠርዞች መካከል ወፏን የት እናስቀምጣት የሚል ነው። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ግን አሰላ ውስጥ ስልክ በኪሱ የያዘውን ሁሉ ይመለከታል። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ቀና ብትሉ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ግራጫ እርግብ ታያላችሁ። ለምደነው አናስተውለውም እንጂ ያ እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ በየግጦሹ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ፣ ምንቃሩ ከራሱ የሚገዝፈው ቁራ፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ አሉ። የእነዚህም ቤታቸው ይኸው የእኛ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የአርሲ ደጋ ወፍ ከመሬቷ ተነጥላ ስትነሳ ግማሿ ፎቶው ውስጥ አልገባም። እኔ ቅንብር የምለው ወፏ የየት አገር፣ የምን ወቅት፣ የማን ጎረቤት እንደሆነች የምንናገርበትን መንገድ ነው። ወፏን አምስት ጣት ወደ ግራ ብናደርጋት ስለ እሷ የምንለው ይለወጣል።

የለመድነው ሌላ ነው። ወፍ ያየ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ የሚመኘው መቅረብ ነው። መቅረብ ካልቻለ ዙም ያደርጋል፤ ዙሙ ካልበቃው ቤቱ ገብቶ ዙሪያዋን ይቆርጠዋል። በመጨረሻ ላባና ዓይን ይቀራል። እንዲህ ያለው ፎቶ ጥቅም የለውም አልልም፤ ወፍን ከወፍ ለመለየት፣ ለማስተማሪያ፣ ለመጽሐፍ ያስፈልጋል። ፖስታ ቤታችን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገራችንን ወፎች በቴምብር ሲያወጣ ወፎቹን አጉልቶ ማሳየቱ ተገቢ ነበር፤ በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ሌላ ምን ይደረጋል? ግን ሁሉም ፎቶ ቴምብር መሆን የለበትም። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በ1971 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ሲያሳትሙ የወፏን ስም ጽፈው አላቆሙም፤ የት የት እንደምትገኝም አስከትለው አስፍረዋል። ብራውን የአርሲን ተራሮች በእግሩ ያውቃቸው ነበር፤ ከዝርዝሩ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የደጋ አጋዘንን ሲያጠና ወጥቶባቸዋል። ፎቶ አንሺም ከስሙ ቀጥሎ ቦታውን የመናገር ዕዳ አለበት፤ የሚናገረውም በጠርዞቹ ውስጥ በሚተወው ነገር ነው።

ቦታውን እንየው እንግዲህ። ከአዳማ ተነስታችሁ በደራ በኩል ስትመጡ ከግራር ምድር ትጀምራላችሁ። አሰላ ስትደርሱ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ጭላሎ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከግራር ወደ ስንዴ፣ ከስንዴ ወደ ገብስ፣ ከገብስ ወደ አስታና ጅብራ በአንድ ቀን ይኬዳል። ስለዚህ ከወፏ በስተጀርባ የምትተዉት አንድ ክንድ የሚያህል ቀለም ብቻውን ከፍታውን ይናገራል። በስተጀርባዋ ጅብራ ከቆመ ተመልካቹ ብርዱን ያውቀዋል። የስንዴ ወርቅ ካለ ወሩ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ እንደሆነ አርሲ ያደገ ሰው ሳይነገረው ይረዳል።

ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። ጭላሎ ለአሰላ በስተምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባው ነው። ምዕራባዊው ተዳፋት ለጥቂት ጊዜ በተራራው ጥላ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ሰዓት ተራራውን ከወፏ ኋላ አድርጋችሁ ብታነሱ ወፏ ጥቁር ቅርጽ ሆና ትወጣለች። ቅርጿን ከፈለጋችሁ እሰየው። ቀለሟን ከፈለጋችሁ ግን ፀሐይ ወደ ዝዋይ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ተዳፋቱን ፊት ለፊት ይመታዋል፣ ላባው ይነበባል፣ ተራራውም ከኋላ ሰማያዊነቱን ይዞ ይቆማል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ አስቸጋሪ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከአናት ትሆናለች፤ የወፏ ዓይን በጥላ ይሸፈናል፣ ጀርባዋም ነጭ ይመታል። ያን ሰዓት ለምሳና ለእግር መንገድ ተዉት።

ሐምሌና ነሐሴ ሰው ካሜራውን ቁም ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ጉም የማይወድ ፎቶ አንሺ አርሲን ገና አላወቀውም። ጉም ሲወርድ የሩቁ ዛፍ፣ ሽቦው፣ የቆርቆሮው ብልጭታ ሁሉ ይጠፋል። ወፏ፣ የቆመችበት ድንጋይና አንድ ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። በሌላ ቀን በብዙ ድካም የምታጸዱትን ፍሬም ጉሙ አጽድቶ ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንግባ። የፎቶግራፍ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር፣ ፍሬሙን በቁመትም በአግድምም ሦስት ሦስት ቦታ ክፈለው፣ ወፏን መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ አስቀምጣት የሚል ነው። ስልካችሁም ግሪዱን ብትከፍቱት እነዚህኑ መስመሮች ያሳያችኋል። ምክሩን በስም የጠራው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር ሥዕል ባሳተመው መጽሐፍ። ጠቃሚ ምክር ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። የእኛ አገር ሠዓሊዎች ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ወፎችን በሌላ መንገድ አስቀምጠዋል። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ተመልከቱ። የብራናው ዕድሜ በካርቦን ምርመራ ሲታይ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። በመግቢያ ገጾቻቸው ላይ በዓምድ የተያዘ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ በላይ ወፎች ግራና ቀኝ ሆነው ቆመዋል። ገጹን ሚዛን ያስያዘው በወፎቹ መካከል ባዶ የተተወው ቦታ ነው። ይህን ያየ ሰው ፍሬም ውስጥ ባዶ ቦታ ሥራ ፈት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ስለዚህ መሐል ላይ ማስቀመጥ ነውር አይደለም። ወፏ ፊት ለፊት ስትመለከታችሁ፣ ወይም ጥላዋ ረጋ ባለ ውኃ ላይ ተገልብጦ ሲታይ መሐሉ ቦታዋ ነው። ችግሩ ሳናስብበት መሐል ላይ ስትሆን ነው። ይህ ደግሞ ከካሜራው ይመጣል፤ በብዙ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ይበልጥ የሚታመነው የፎከስ ነጥብ የመሐሉ ስለሆነ ሰው ነጥቡን ወፏ ላይ ያሳርፍና እዚያው ይጫናል። ፎከሱን በጣታችሁ ይዛችሁ ካሜራውን ጥቂት አዙሩ፣ ከዚያ ተጫኑ። የሚወስደው የዓይን ቅጽበት ነው።

ወዴት እናዙር? ወፏ ወደምታይበት። ወደ ቀኝ የምታይ ወፍ ከቀኝዋ ሜዳ ይኑራት፤ ተመልካቹ የእሷን ዓይን ተከትሎ ይሄዳልና የሚሄድበት ቦታ ስጡት። የሚበር ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ግን ይህንንም ሆን ብሎ የሚሽር አለ። ከኋላዋ የታረሰ መሬት ተዘርግቶ፣ ወፏ ከጠርዙ ጥግ ወደ ውጭ ስታይ የተነሳች ፎቶ ጭንቅ አላት፤ ያ ጭንቅ እውነት ከሆነ ይታይ።

ስለ ዓይን አንድ ነገር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለወፍ ይህ ሥርዓት አይሠራም። ጉጉትን ትተን የአብዛኛዎቹ ወፎች ዓይን በራሳቸው ግራና ቀኝ ስለሆነ በጎን ስትታይ ነው ሙሉ የምትሆነው። የቁራችን ያ ግዙፍ ምንቃርና ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር በአንድነት የሚታዩት በጎን ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ የሚመረጠው ራሱን ትንሽ ወደ እናንተ መለስ ያደረገበት ነው፤ ያን ጊዜ የፀሐይ ነጥብ ዓይኑ ውስጥ ትበራለች። ያቺ ነጥብ የሌለችበት ጥቁር ወፍ የሞተ ይመስላል።

ከፍታችሁም ከወፏ ዓይን ጋር ይስተካከል። ቆማችሁ ወደ ታች ካነሳችኋት ከበስተጀርባዋ የሚሆነው እግሯ ሥር ያለው ሣር ነው፤ በሆዳችሁ ብትተኙ ግን በስተጀርባዋ የሚሆነው ሩቁ ሜዳና ተራራው ነው። ልብስ ይቆሽሻል። የአርሲን መሬት ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ከመሬቱ ጋር መተኛት ያስፈልጋል።

አሁን አንዲት ወፍ በቅርብ ላሳያችሁ። በደጋው ጅረቶች ዳር፣ ሣሩ ረዘም ባለበት፣ ከዶሮ የምታንስ ቡናማ ወፍ አለች፤ የሳይንስ ስሟ ሩዤ የተባለን ሰው ያስታውሳል። እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። ስትሄድ ጅራቷን ወደ ላይ ብድግ ብድግ ታደርጋለች፤ በእያንዳንዱ ብድግታ ከጅራቷ ሥር ያለው ነጭ ይበራል። ፍሬሙ ውስጥ ከሁሉ የደመቀው ነገር እንግዲህ መቀመጫዋ ሆነ ማለት ነው። የሰው ዓይን የሚሮጠው ወደ ደማቁ ነው፤ ፊቷን ሳያይ ጅራቷ ላይ ይወድቃል። ምን ይደረግ? አንደኛው መንገድ ወደ እናንተ ስትመጣ መጠበቅ ነው፤ ገላዋ ነጩን ይጋርደዋል። ሁለተኛው፣ ጅራቷን በምታወርድበት ቅጽበት መጫን ነው። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፦ ከፊቷ ጅረቱ ብርሃን የሚጥልበትን ቦታ መምረጥ። ውኃው ከፊቷ ሲያብለጨልጭ ከኋላዋ ያለው ነጭ አቻ ያገኛል፤ የተመልካቹ ዓይን ከነጩ ወደ ውኃው ሲሻገር በመሐል ፊቷን ማለፍ ግድ ይለዋል። ጅረቱም ፍሬም ውስጥ ቀረ፤ ያለ ጅረት ይህች ወፍ የለችም።

ብዙ ሰው ከበስተጀርባ ያለውን ነገር መቀየር እንደማይችል አድርጎ ይቀበለዋል። አንድ ስሌት ልንገራችሁ። ወፏ ከእናንተ 15 ሜትር ላይ ብትሆንና ከኋላዋ 200 ሜትር ርቀት ላይ የባሕር ዛፍ መስመር ቢኖር፣ እናንተ ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ስትሉ ከወፏ ራስ በስተጀርባ የሚያርፈው ነጥብ ከ6 ሜትር ተኩል በላይ ይንሸራተታል። ማለትም በራሷ ላይ የበቀለ የሚመስለውን ግንድ ለማስወገድ መሮጥ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ እርምጃ ይበቃል። ወፏም አትደነግጥም። ከመጫናችሁ በፊት ዓይናችሁን ከወፏ አንስታችሁ ጠርዞቹን አንድ ጊዜ ዙሩ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ ግማሹ የገባ የላም እግር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። የአድማስ መስመርም በወፏ አንገት ላይ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ።

የላምን እግር ካነሳሁ ዘንዳ ስለ ከብት ልናገር። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ገደማ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ወፎችን ሳያስደነግጡ ለመቅረብ የበሬ ቆዳ አስወጥረው ውስጡ ተደብቀው ፎቶ ያነሱ ነበር። ወፎች ከብትን እንደማይፈሩ አውቀዋል። አርሲ ላይ ይህን ለማወቅ የተወጠረ በሬ አያስፈልግም። ጋጋኖዎች ከላሞቹ መሐል ገብተው ያንን የተቆለመመ ምንቃራቸውን ረግረጉ ውስጥ እየሰኩ ትል ያወጣሉ፤ በበጋ ከሰሜን የሚመጡት ቢጫ ወፎችም በከብቱ እግር ሥር ይሯሯጣሉ። ፎቶ አንሺው ግን ላሟን ከፍሬሙ ለማስወጣት ይለፋል! ለምን? ጋጋኖና ላም በዚህ መሬት ላይ አብረው የኖሩበት ዘመን አይቆጠርም። የላሟን እግር ሙሉውን አስገቡት፤ ግማሹ ሲገባ ስህተት ይመስላል፤ አራቱም ሲገቡ ቤት ይሆናል፣ ጋጋኖውም ከእግሮቹ መካከል የራሱን ክፍል ያገኛል። እረኛው ልጅ ቢገባበት ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል፤ እሱን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ፎቶውንም ማሳየት ተገቢ ነው።

መንጋ ሲነሳ ከሁሉ የሚከብደው ራሶች እንዳይደራረቡ ማድረግ ነው። ገላ በገላ ላይ ቢደረብ ግድ የለም፤ ራስ በራስ ላይ ሲደረብ ግን ባለሁለት ምንቃር ወፍ ይወለዳል። ጠብቁ። አንዱ ቀና ሲል ሌሎቹ ያጎነበሱበት ጊዜ ይመጣል፤ ቀና ያለው የፎቶው ባለቤት ይሆናል።

ዝዩ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክንፉ ላይ ያለው ያ ሰማያዊ ቆሞ ሳለ ብዙም አይታይም፤ ሲዘረጋ ወይም ሲነሳ ነው የሚወጣው። አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ ጀርባው ላይ አሳርፎ ይቆማል፤ በዚያ አቋሙ ወርዱ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ቅርጽ ስለሚሆን ፍሬሙን በአግድም ያዙለት። ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ የገሪማው ገጽ እዚህ ይጠቅማል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እንደ ሦስተኛ ወፍ ቁጠሩት። ሌንሱም ገደብ አለው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 5.6 ላይ፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ዝይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት በትልቅ ሴንሰር ካሜራ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንደኛው ዝይ ከሌላው ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ከቆመ አንዱ ብዥ ይላል። ወይ ጎን ለጎን እስኪሆኑ ጠብቁ፣ ወይ ብዥ ያለውን እንደ ማሚቶ ወዳችሁ ተቀበሉት።

በሰማይ ያሉትን በአጭሩ። ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነው ጭልፊት ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ቦቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ነው። ምሰሶውን አትጥሉት፤ ዛሬ እሱ ነው ዛፉ። ምሰሶውን ወደ አንድ ጠርዝ አድርጋችሁ የስንዴውን ሜዳ ከፊቱ ዘርጉለት፤ አይጥ የሚጠብቅበት ሜዳ ነውና። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ባለጢሙ ጆፌ ደግሞ ገደሉ አብሮት ካልተነሳ ትልቅነቱ አይታወቅም። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የሚደርስ ወፍ በባዶ ሰማይ ላይ ከድንቢጥ አይለይም። ገደሉን ስጡት፤ ገደሉ ሚዛኑ ነው።

ትልቅ ሌንስ የሌላችሁ ወጣቶች ቅር አይበላችሁ። በስልክ የተነሳች ወፍ ትንሽ ትሆናለች፤ ትንሽነቷ ግን እናንተን ወደ መሬቱ እንድትመለከቱ ያስገድዳችኋል። የምትፈትኑበት መንገድ ይኸውላችሁ፦ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ የሰው ጥፍር እስኪያህል አሳንሱት። ወፏን በአንድ ዕይታ ካገኛችኋት ቅንብሩ ሠርቷል። ካጣችኋት መቅረብ ሳይሆን ማግለል ነው የጎደለው፤ ጨለማ ወፍ በደማቅ ደመና ላይ፣ ደማቅ ወፍ በጥላ ላይ፣ ዙሪያዋም ምንም ሳይነካት። መቁረጥ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የፎቶውን ወርድና ቁመት በግማሽ ስትቆርጡ 24 ሜጋፒክሰል የነበረው 6 ይሆናል። ከአራት እጅ ሦስቱን ጣላችሁ።

ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ አታንሷት። ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጎ ፍሬሙን ማጽዳት እንቁላሉን ለቁራና ለፀሐይ መስጠት ነው።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላሎና ገላማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎን፣ ቆላው ላይ ደግሞ ደራ ድልፈቃርን ይዟል፤ በገብሱና በአስታው መካከል ያለው ወሰን ግን ከዓመት ዓመት ባለበት አይቆይም። ገበሬው ልጆቹን ማብላት አለበት፤ ዝዩም ረግረጉን ይፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገናል። ላባዋ ብቻ የሚታይ ወፍ ፎቶ ይህን አይነግረንም፤ የትኛውም ዓመት ሊሆን ይችላልና። በፍሬሙ አንድ ሦስተኛ ላይ የቆመች፣ ከኋላዋ የገብሱ ጠርዝና የጅብራው መስመር የሚታይ ወፍ ግን የመሬቱን ታሪክ ይዛ ትቆያለች።

ስለዚህ ከመካከላችሁ በየዓመቱ ወደ ተራራው የምትወጡ፣ አንድ ድንጋይ ምረጡ። በመስከረም ወይም በጥቅምት እዚያው ድንጋይ ላይ ሆናችሁ፣ በዚያው ሌንስ ወይም በዚያው ስልክ፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ የተገኘውን ወፍ በዚያው ጎን አስቀምጣችሁ አንሱ። ቀኑን፣ የቦታውን ስምና ከፍታውን ከፋይሉ ጋር ጻፉ። ለጓደኛ የምትልኩትን እንደወደዳችሁ ቁረጡት፤ ያልተቆረጠውን ዋናውን ግን ሳትነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጡት።